ዋንዛው ይቆረጥ ወይስ ይቁም? ጅማ ውስጥ በግቢ ስለሚሠራ የመዋኛ ገንዳ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ አካባቢ 500 ካሬ ሜትር ግቢ አላቸው። ከቤታቸው ጀርባ 8 በ4 ሜትር የሆነ፣ ጥልቀቱ ከ1.2 እስከ 1.6 ሜትር የሚደርስ የመዋኛ ገንዳ ሊያሠሩ አስበዋል። ግቢው ውስጥ አንድ የቆየ ትልቅ ዋንዛ አለ። በአጥሩ ጥግ ሁለት አቮካዶ፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የጎረቤት ባህር ዛፎች ተደርድረዋል። ሥራውን ሊይዝ የመጣው ኮንትራክተር «ዋንዛው ካልተቆረጠ ሥሩ ገንዳውን ይሰነጥቀዋል» ብሏቸዋል። እናታቸው በበኩላቸው «እኔ በሕይወት እያለሁ ያ ዛፍ አይነካም» ብለዋል። «ማንን ልስማ? ዛፉ ከቆመስ ቅጠሉን እንዴት እችለዋለሁ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

እናትዎን ይስሙ። ዋንዛው ይቁም፤ ገንዳው ግን ኮንትራክተሩ ካሰበበት ቦታ ራቅ ይበል፣ ከመሬትም ከፍ ብሎ ይሠራ። ከፍ ይበል ያልኩት ከሥሩ ይልቅ ማንም ባላነሳው ነገር፣ በከርሰ ምድር ውሃው ምክንያት ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ጅሬን ተዳፋት ላይ ቢሆኑ ኖሮ ምክሬ በግማሽ ባጠረ ነበር። እዚያ አፈሩ ቀይ ነው፣ ውሃ ያሳልፋል፣ ሲቆፈርም ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከአዌቱ ወንዝ ግራና ቀኝ ወዳለው ሜዳ፣ ወደ ቦዬና ወደ ኪቶ ሲወርዱ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብዙው ቦታ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ላይ ውሃው ከመሬቱ ፊት ብዙ አይርቅም። ከተማዋ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ይህ ማለት በ32 ካሬ ሜትር ገንዳዎ ላይ ብቻ በዓመት ወደ 48,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል ማለት ነው። ገንዳዎ ራሱ የሚይዘው 45,000 ሊትር ያህል ስለሆነ፣ ሰማዩ በየዓመቱ አንድ ገንዳ ሙሉ ውሃ ይጨምርልዎታል። ከላይ የሚወርደውን በትርፍ ውሃ ማስወጫ ቧንቧ እንሸኘዋለን። አስቸጋሪው ከሥር የሚገፋው ነው።

ሒሳቡን አብረን እናስላው። የወለሉም የግድግዳውም ውፍረት 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በእርስዎ ልክ የተሠራ የአርማታ ገንዳ ባዶውን ወደ 34 ቶን ይመዝናል። ከውጭ ሲለካ ወለሉ 37 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። የከርሰ ምድር ውሃው ከወለሉ ሥር 1 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቆም፣ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 37 ቶን ይሆናል። ገንዳው ውሃ ሲሞላ ምንም አይሆንም፤ በውስጡ ያለው 45 ቶን ውሃ ረግጦ ይይዘዋል። ለጽዳት ብለው በሐምሌ ባዶ ያደረጉት ቀን ግን እንደ ጀልባ ብድግ ሊል ይችላል። አንድ ጎኑ ተነስቶ፣ ቧንቧዎቹ ተቆርጠው፣ ሴራሚኩ ተሰንጥቆ ያዩ ሰዎች «ሥር ነው የሰነጠቀው» ይላሉ። ዛፍ በአጠገቡ ካለ ደግሞ ጥፋቱ በዛፉ ይለጠፋል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሙከራ ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ እሱም በነሐሴ፣ መሬቱ ጠጥቶ ጠጥቶ በጠገበበት ጊዜ ይሁን። በበጋ የተቆፈረ የሙከራ ጉድጓድ ያታልላል። ገንዳው የሚያርፍበት ቦታ ላይ 2 ሜትር ያህል ወደ ታች ይውረዱ። በእጅ ማሽከርከሪያ መሰርሰሪያ ቢሆን ይሻላል፣ ዋልካ በክረምት ስለሚናድ ሰው ባይገባበት ደስ ይለኛል። አፉን በሳንቃ ከድነው ሁለት ቀን ይተዉት። በመጀመሪያው ሰዓት ግድግዳው ላብ ብቻ ያወጣል፤ ቀስ እያለ ከታች ይጠራቀማል፤ በሁለተኛው ቀን አንድ ከፍታ ላይ ደርሶ ይቆማል። ረጅም ቀጥ ያለ እንጨት አስገብተው ከመሬቱ ፊት እስከ ውሃው ፊት ያለውን ደረቅ ክፍል ይለኩ። ያ ቁጥር ከየትኛውም የገንዳ ካታሎግ ይበልጥ ይነግርዎታል። ከጉድጓዱ የወጣውን አፈርም አንድ ከረጢት ይያዙ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ እዚያው ኪቶ ነውና የአፈሩን የማበጥ ጠባይ ማስፈተን የሚቻልበትን መንገድ ጠይቁ።

ደረቁ ክፍል ከ1 ሜትር ካነሰ (በእናንተ ሰፈር እንደዚያ ቢሆን አይገርመኝም) ገንዳውን ሙሉ በሙሉ መሬት ውስጥ አይቅበሩት። ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ያህሉ ከመሬት በላይ ይሁን። ቁፋሮው የወለሉንና የጠጠሩን ውፍረት ጨምሮ፣ እንደ ገንዳው ጥልቀት ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ላይ ያበቃል። ከላይ የሚወጣው ግድግዳ ዙሪያውን እንደ መደብ ይሠራና መቀመጫ ይሆናል። ወደዚህ አሠራር የማዘነብለው ብዙውን ችግር በአንድ ጊዜ ስለሚያቃልል ነው። ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ይቀንሳል፣ የሚቆረጠው ሥር ያንሳል፣ በነፋስ መሬት ለመሬት እየተንከባለለ የሚመጣ ቅጠል ግድግዳው ላይ ይቆማል፣ የግቢው ጎርፍ አይገባም፣ ዳዴ የሚል ሕፃንም በቀላሉ አይደርስበትም። መሬት ለመሬት የተሠራ ገንዳ ፎቶ ላይ እንደሚያምር አውቃለሁ። ጥሩ ፎቶ የሚወጣው ግን ሌላ አፈር ላይ ነው።

ከወለሉ ሥር ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ይነጠፍ። በጠጠሩ ውስጥ የተበሳሳ ቧንቧ ይለፍና ከገንዳው ጥግ ወደ ላይ በሚወጣ ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቧንቧ ይያያዝ፤ አፉ በክዳን ይዘጋ። ክዳኑን ከፍተው ክር ላይ ድንጋይ አስረው በማውረድ ከወለሉ ሥር ስንት ውሃ እንዳለ በማንኛውም ቀን ያውቃሉ፤ ካስፈለገም ትንሽ ፓምፕ አውርደው ይመጡታል። ይህን ያነሳሁት ኮንትራክተሮች ዋልካውን አውጥተው ሰሌክት ማቴሪያል (ከሌላ ቦታ የሚመጣ የመሙያ አፈር) ሞልተው ሥራው እንዳለቀ ስለሚቆጥሩ ነው። በዋልካ መካከል የተሞላ ሰሌክት ውሃ ይገባበታል እንጂ አይወጣለትም። መውጫ ካላበጁለት በገንዳዎ ሥር ሌላ ገንዳ ሠሩ ማለት ነው።

ግድግዳውን በብሎኬት እንሥራው የሚል ከመጣ እምቢ ይበሉ። ብሎኬት በሚያብጥና በሚሰበሰብ አፈር ላይ ውሃ ለመያዝ አይሆንም። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ብረት በሁለት ረድፍ ታስሮ የተሞላ አርማታ ይሁን። ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት መስመር ዋተር ስቶፕ (በአርማታው ውስጥ የሚቀበር የውሃ ማገጃ) ይግባ። ዝርዝሩን የአፈሩን ውጤት ያየ መሐንዲስ ይወስን። ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ገንዳውን ሞልተው ቢያንስ አንድ ሳምንት ይጠብቁ፤ የሚያፈስ ከሆነ በዚያን ጊዜ ይታያል።

አሁን ወደ ሥሩ እንምጣ። የዛፍ ሥር አብዛኛው የሚገኘው በላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ይሄዳል፤ ከቅርንጫፉ ጥላ ውጭም አልፎ ይዘረጋል። ጤነኛ፣ ብረቱ በአግባቡ የታሰረ፣ የማያፈስ አርማታን አይሰብርም። ሥር የሚያድገው ጫፉ እርጥበትና አየር ባገኘበት አቅጣጫ ነው። የሚያፈስ መገጣጠሚያ ካገኘ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ሲወፍር ያሰፋዋል። ስለዚህ ሥር መጀመሪያ የሚያጠቃው የቧንቧ መገጣጠሚያዎችን፣ በገንዳው ዙሪያ የተነጠፈውን ቀላል ንጣፍና የጠርዙን ሴራሚክ ነው። በላይነር ወይም በጂኦመምብሬን (ውሃ በሚይዝ የፕላስቲክ አንሶላ) የሚሠራ ገንዳ ከሆነ ግን ሥር ሊወጋው ይችላል፤ ለዚህ ግቢ አልመክረውም።

የኮንትራክተሩ ንግግር ውስጥ እውነት ያለው በአንድ በኩል ነው። ዋልካ ላይ የቆመ ትልቅ ዛፍ በበጋ ውሃውን ከአፈሩ ይመጣል። አፈሩ ይሰበሰባል፣ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ያብጣል። የገንዳው አንድ ጎን ዛፉ አጠገብ፣ ሌላው ጎን ራቅ ብሎ ከሆነ ሁለቱ ጎኖች እኩል አይወርዱም፣ እኩል አይነሱም። በዚህ ረገድ ከዋንዛው ይልቅ የማዶዎቹን ባህር ዛፎች እፈራለሁ። ግን መቁረጡም መፍትሔ አይሆንም። ለዓመታት ውሃ ሲመጥ የኖረ ዛፍ ከዋልካ ላይ ድንገት ሲነሳ፣ የደረቀው አፈር ቀስ በቀስ ውሃ መልሶ ይጠጣና ለዓመታት ያብጣል። የቀረው ጉቶና ሥርም በስብሶ ባዶ ቦታ ይተዋል። ዛፍ ቆርጦ በዓመቱ እዚያው ላይ ገንዳ መሥራት ከሁሉም የከፋ ምርጫ ነው።

ሕጉንም አይርሱ። ዋንዛ ከዝግባ፣ ከሀበሻ ጥድና ከኮሶ ጋር በደን ሕጋችን ጥበቃ ከተደረገላቸው አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነው። ግቢዬ ውስጥ ነው ብሎ መቁረጥ ኋላ ጣጣ ያመጣል፤ የሚመለከተውን ክፍል ሳይጠይቁ አይሞክሩት። ለገንዳው ለራሱም የግንባታ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ኮንትራክተሩ እንደነገረዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

ርቀቱን እንዲህ ያስሉ። የዋንዛውን ግንድ ከመሬት 1.5 ሜትር ላይ በልብስ ሰፊ ሜትር ዙሪያውን ይለኩ። ለ3.14 ሲያካፍሉት የግንዱ ውፍረት ይወጣል። ያንን በ12 ያባዙ። የግንዱ ዙሪያ 1.9 ሜትር ከሆነ ውፍረቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሲባዛ 7.2 ሜትር። በዚያ ክብ ውስጥ ቁፋሮ አይግባ። ቦታ ቢጠብብና በአንድ በኩል ትንሽ መግባት ግድ ቢሆን እንኳ፣ ከግንዱ 3 ሜትር ላይ ኤክስካቫተር ማስገባት ማለት ዛፉን የያዙትን ዋና ሥሮች መቁረጥ ነው። ዛፉ ወዲያው አይደርቅም። ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላ፣ አፈሩ በረጠበበትና ነፋስ በተነሳበት ማታ ይወድቃል፤ የሚወድቅበትን አቅጣጫ ደግሞ የሚመርጠው እሱ ነው።

ቁፋሮው በታኅሣሥ ወይም በጥር ይሁን። በዛፉ በኩል ያለውን ጎን መጀመሪያ በሰው እጅ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦይ አስወጥተው፣ የተገኘውን ሥር በመጋዝ ልክክ አድርገው ያስቆርጡ። ማሽን ሥር አይቆርጥም፣ ይጎትታል፤ ጉዳቱ እስከ ግንዱ ይደርሳል። ከአውራ ጣት የወፈረ ሥር ካገኙ ቆም ብለው ገንዳውን ግማሽ ሜትር ማሸሽ ይቻል እንደሆነ ይዩ። በዚያው ቦይ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ አንሶላ (ለውሃ ማቆሪያ ከሚሸጠው ጂኦመምብሬን ተራፊ ካገኙ ይበቃል) 90 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ያቁሙና 5 ሴንቲ ሜትር ከመሬት በላይ ያስቀሩት፤ ሥር ከላይ ተሻግሮ እንዳይመጣ ነው። በባህር ዛፎቹ በኩልም እንዲሁ። ሲሚንቶ ከዛፉ ጥላ ሥር አይከመር፣ ኮንክሪትም እዚያ አይቦካ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በጅማ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ስለሚያሳስብ። ተቆፍሮ ገንዘብ እስኪገኝ የቆመ ጉድጓድ የበልግ ዝናብ ያገኘዋል። የወባ ትንኝ የሚወደው እንዲህ ያለውን ፀሐይ የሚያገኘው የቆመ ውሃ ነው፤ ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ አንድ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋጅ ቁፋሮ አይጀምሩ። ከተጀመረም ውሃው በየሳምንቱ ይመጠጥ።

ቅጠሉን በተመለከተ፣ ዋንዛው ከሚፈሩት በታች ነው። ቅጠሉ ሰፊና ሻካራ ስለሆነ በመረብ አንድ ጊዜ ሲሳብ ይወጣል። ሰው ሳያስበው የሚያስቸግሩት ቅጠላቸው ደቃቅ የሆኑት ናቸው፤ ጃካራንዳ፣ ግራር፣ ሰሳ። የነሱ ቅጠል ከመረቡ ያመልጣል፣ የስኪመሩን (ከውሃው ፊት ቆሻሻ የሚስበውን ሳጥን) ወንፊት ያልፋል፣ ፓምፑ ቅርጫት ላይ እንደ ጭቃ ይለጠፋል። ዋንዛ የሚያደክመው በአበባውና በፍሬው ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሲያብብ ነጩ አበባ ሙሉውን ይወድቃል፤ ጠዋት ገንዳው ላይ ተደፍቶ ሲንሳፈፍ ያምራል፣ ማንሳት ያሳሳል። እስከ ማታ ካልተነሳ ጠርዙ ይጠቁራል፣ ውሃ ይጠጣል፣ በማግስቱ ወለሉ ላይ ቡናማ ልጥፍ ሆኖ ያገኙታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቢጫ ፍሬ ደግሞ ውስጡ ሙጫ ነው። ልጆች እየመጠጡ የሚጫወቱበት ያ ሙጫ ሴራሚክ ላይ ሲደርቅ በብሩሽ ካልሆነ አይለቅም፤ ፍሬውን የሚወዱት ወፎችም ኩሳቸውን ይጨምሩበታል። ስለዚህ ከገንዳው በላይ የተዘረጋ ቅርንጫፍ ካለ በበጋ ከመገጣጠሚያው ላይ ይከርከም። አናቱን ግን አያስመልጡት።

አቮካዶዎቹ ለገንዳው ብዙም አይከፉ፤ ገንዳው ነው ለነሱ የሚከፋው። አቮካዶ ጨውና ክሎራይድ አይችልም፣ ሥሩም ውሃ ሲቆምበት ይበሰብሳል። በዚህ ምክንያት «በጨው የሚሠራ ክሎሪን ማመንጫ ይግጠሙ» የሚልዎት ሻጭ ሲመጣ ለእርስዎ ግቢ አይሆንም። የፊልተር ማጠቢያ ውሃም ወደ አቮካዶው አይሂድ። ጦጣ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ ግማሹ የተበላ አቮካዶ ገንዳ ውስጥ ያገኛሉ፤ ቅባቱ የውሃው መስመር ላይ ቀለበት ይሠራል፤ በቤኪንግ ሶዳና በእርጥብ ጨርቅ ይነሳል።

ለጥላ ሌላ ዛፍ ልትከል ካሉ ብርብራን አይምረጡ። የፍሬው ከረጢት ሲደርቅ እየፈነዳ ዘሩን ራቅ አድርጎ ይበትነዋል፤ የዘሩ ዱቄት ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ወንዝ ውስጥ ዓሣ ለማደንዘዝ የሚያገለግል ነው። ገንዳ ውስጥ የገባች አንድ ሁለት ፍሬ ሰው አትጎዳም፤ አጠገቡ የዓሣ ኩሬ ያለው ግን ያስብበት። ብርብራ ጥላነቱ ለቡና ነው፣ እዚያ ይመርበት።

አሁን መሣሪያው። 45 ሜትር ኩብ ውሃ በ6 ሰዓት አንድ ጊዜ እንዲዞር በሰዓት 7.5 ሜትር ኩብ የሚገፋ ፓምፕ ያስፈልጋል። ለዚህ ባለ 500 ሚሊ ሜትር የአሸዋ ፊልተር ይበቃል ይሉዎታል፤ ዛፍ ላለበት ግቢ ባለ 600 ይግዙ። ስኪመር አንድ ሳይሆን ሁለት ይሁን። ቦታውን ኮንትራክተሩ በግምት አይምረጥ፤ ግቢዎ ውስጥ ቅጠል ሁልጊዜ የሚከማችበት ጥግ አለ፣ ነፋሱ የሚገፋው ወደዚያ ነውና ስኪመሮቹም በዚያ በኩል ይግቡ። ለኤሌክትሪኩ 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ መከላከያ ግዴታ ነው፤ የውሃ ውስጥ መብራቱም ባለ 12 ቮልት ይሁን። በዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጠብም።

በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ጥቂት ነው። መረቡን ማሳለፍ፣ የስኪመሩን ቅርጫት ባዶ ማድረግ፤ አበባውና ቅጠሉ በሚረግፍበት ወር ጠዋትም ማታም። ቅርጫቱ ሲሞላ ፓምፑ ውሃ አጥቶ አየር ይስባል፣ ይጮሃል፣ ይቃጠላል። ለሳምንት የማትዋኙ ከሆነ ለችግኝ ጥላ የሚሸጠውን ጥቁር ሼድ ኔት ገዝተው ከገንዳው ሰፋ አድርገው ይወጥሩ። ከውሃው አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ የረጠበ መረብ ላይ የወደቀ ቅጠል እዚያው ይዘፈዘፋል። መረቡ ሕፃን እንደማይሸከም ግን ይወቁ፤ እንዲያውም ከሥሩ ያለውን ውሃ ይደብቃል። ቢያንስ 1.2 ሜትር ከፍታ ያለው አጥር፣ ራሱን የሚዘጋ በር፤ ስለ ልጆች ሌላ የምለው የለም።

ውሃው ላይ ያለው ነገር ከዛፍ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ክሎሪን የሚገድለው ነገር ባገኘ ቁጥር ያልቃል፤ የተዘፈዘፈ ቅጠል ደግሞ ለብቻው ይበላዋል። ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.6፣ ነፃ ክሎሪኑ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም ይሁን። 65 በመቶ የሆነውን የክሎሪን ዱቄት ከተጠቀሙ፣ በእርስዎ ገንዳ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ለመጨመር 70 ግራም ያህል ይበቃል። ዱቄቱ ካለቀ 5 በመቶ የሆነ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና 1 ሊትር ገደማ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሁልጊዜ ዱቄቱ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ ዱቄቱ አይፈስም። ከአሲድም፣ ከሌላ ዓይነት የክሎሪን ጽላትም ጋር በአንድ ባልዲ አይገናኝ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

የዛፉ ጥላ እዚህ ላይ ይረዳዎታል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናትና የቀትር ፀሐይዋ ጥላ በሌለው ገንዳ ላይ ግማሹን ክሎሪን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ልታጠፋው ትችላለች። ለዚህ ሲያኑሪክ አሲድ ይጨመራል፤ ለእርስዎ ገንዳ መነሻው 1.3 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ክሎሪኑንም ማታ ይጨምሩ፤ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። የጥላው ጉዳት ደግሞ ውሃውን ማቀዝቀዙ ነው። የጅማ ሌሊት እንደሚያውቁት ነው፤ ገንዳው የጠዋት ፀሐይ ተከልክሎ ከዋለ ከሰዓት በኋላም ውሃው አጥንት ይሰብራል። ከተቻለ ዋንዛው ከገንዳው በስተምዕራብ እንዲቀር አድርገው ቦታውን ይምረጡ፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ጥላ ያገኛል።

ክረምት ላይ ዝናቡ ሁሉን ያቀጥነዋል፤ ክሎሪኑን፣ ሲያኑሪኩን፣ ፒኤቹን የሚያረጋጋውን አልካሊኒቲም። አልካሊኒቲው በሊትር ከ80 ሚሊ ግራም በታች ከወረደ ፒኤቹ ይዋዥቃል። ቤኪንግ ሶዳ 760 ግራም ያህል በእርስዎ ገንዳ 10 ይጨምራል። ከከባድ ዝናብ ማግስት ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ካገኙት አይደንግጡ፣ ባዶም አያድርጉት። መጀመሪያ ቅጠሉ ሁሉ ይውጣ። ግድግዳው ይቦረሽ፣ ፒኤቹ ወደ 7.2 ይውረድ፣ ማታ ላይ 700 ግራም የክሎሪን ዱቄት ይጨመር፣ ፓምፑ ሌሊቱን ያድር። መብራት ከሄደ ክሎሪኑን በረጅም ብሩሽ እየመሩ በእጅ ያዙሩት። ጠዋት ወደ ግራጫነት የተለወጠ ውሃ ካዩ አልጌው ሞቷል፤ የቀረው የፊልተሩ ሥራ ነው። ክሎሪኑ ወደ 3 እስኪወርድ ማንም አይግባ።

ወለሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ሲወጣ የቅጠል ነው ወይስ የብረት የሚለውን እንዲህ ይለዩ። ከፋርማሲ የቫይታሚን ሲ ክኒን ገዝተው ነጠብጣቡ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ይሹት። ከደበዘዘ ብረት ነው፤ ከቀይ አፈር ወይም ከጉድጓድ ውሃ የመጣ። ካልደበዘዘና ትንሽ የክሎሪን ዱቄት ሲነካው ከለቀቀ የቅጠል ቀለም ነው። ሁለቱን ሳይለዩ መፋቅ ሴራሚኩን መጨረስ ነው።

ፊልተሩ የሚታጠበው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በግፊት መለኪያው ነው። ንጹሕ ሆኖ ያሳየውን ቁጥር በማርከር ይጻፉበት፤ ከዚያ 0.5 ባር ሲጨምር ይታጠብ። በእያንዳንዱ እጥበት ከ400 እስከ 500 ሊትር ውሃ ይወጣል። መጀመሪያ በፊልተሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት የሚያልፈው ሻይ የመሰለ ነው፤ ጥርት ሲል ያቁሙ። ይህ ውሃ ወደ አዌቱ በሚወርድ ቦይ አይለቀቅ፤ በአሮጌ ሮቶ ተጠራቅሞ ክሎሪኑ በፀሐይ እስኪጠፋ ሁለት ቀን ይቆይና ከዛፎቹ ራቅ ባለ ጠጠር በተሞላ ጉድጓድ ይፍሰስ።

ውሃው እየጎደለ መሰለዎት? በበጋ በቀን እስከ 5 ሚሊ ሜትር በትነት ቢሄድ የተለመደ ነው፤ 160 ሊትር ማለት ነው። ባልዲ ሞልተው የገንዳው ደረጃ ላይ ያስቀምጡ፣ የባልዲውንም የገንዳውንም የውሃ መስመር ምልክት ያድርጉ፣ በ24 ሰዓት ይመልከቱ። እኩል ከጎደሉ ትነት ነው። ገንዳው ከባልዲው በላይ ከጎደለ ያፈሳል፤ ሳይዘገይ ይጠገን፣ ምክንያቱም የዋንዛውን ሥር ወደ ገንዳው የሚጠራው ያ የሚያፈሰው ውሃ ነው። ጥገናው ገንዳውን ባዶ ማድረግ ከጠየቀ ጥር ወይም የካቲት ይጠብቁ፤ ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የባለ 110ዋን ቧንቧ ክዳን ከፍተው ከወለሉ ሥር ያለውን ውሃ ይለኩ።

ለጊዜው ለኮንትራክተሩ ቀብድ አይስጡ። ነሐሴ ላይ ከሙከራ ጉድጓዱ ያገኙትን ደረቅ ክፍል፣ የዋንዛውን ግንድ ዙሪያ፣ ከግንዱ እስከ ቤቱና እስከ አጥሩ ያለውን ርቀት ለክተው ይላኩልኝ። የወለሉ ውፍረት 20 ይበቃል ወይስ 30 ይሁን የሚለው ከነዚህ ቁጥሮች ነው የሚወጣው።